በኩላሊት እጥበት ላይ ላለ ሰው የድባቴ ሕክምና፦ ሐዋሳ ላይ ሆነን የቱን እንምረጥ?

ታላቅ ወንድሜን ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራው። እጥበት በጀመረ በስምንተኛው ወር ገደማ፣ ከማሽኑ ጋር ተያይዞ በሚውልበት ወንበር ላይ ብርድ ልብሱን እስከ ግንባሩ ስቦ መተኛትን ልማድ አደረገ። ነርሷ የደም ግፊቱን ልትለካ ስትቀርብ እጁን ብቻ ያወጣላታል፤ "እንዴት ነዎት?" ስትለው "ደህና ነኝ፣ ተመስገን" ይልና እጁን መልሶ ያስገባል። እኛ ቤተሰቦቹ ድካም ነው አልን፤ ደሙ አንሶ ነው፣ ገንዘቡ አሳስቦት ነው እያልን ወራት አለፉ። ነገሩ የገባን ቅዳሜ ቅዳሜ አሞራ ገደል ወርዶ ከወዳጆቹ ጋር ዓሣ ሳይበላ የማይውለው ሰው ስልክ ማንሳት ሲተው፣ ከዚያም በየቀኑ የሚጠጣውን ውኃ በብርጭቆ እየለካ የሚመዘግብበትን ደብተር አንድ ቀን ለልጁ "ሥዕል ሣልበት" ብሎ ሲሰጠው ነው።

ይህ መመሪያ ከዚያ ቀን በኋላ ከሐኪሞችና ከነርሶች ጠይቄ፣ የታተሙ ጥናቶችንም አንብቤ የለየሁትን በማነጻጸር ያቀርባል። የተጻፈው እንደኛ ላለ ቤተሰብ ነው፤ ማለትም ሐዋሳ ወይም አካባቢዋ ለሚኖር፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን እጥበት ላይ ለሚውል ታካሚና ለአስታማሚው። የመጨረሻው ውሳኔ ከኩላሊትና ከአእምሮ ሐኪም ጋር የሚደረግ ቢሆንም፣ ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ አውቆ ሐኪም ፊት የሚቀርብ ሰው የተሻለ መልስ ይዞ ይመለሳል።

ከሕክምናው በፊት ምክንያቱን ማነጻጸር

የድባቴ ምልክቶችና የኩላሊት ድክመት ምልክቶች እጅግ ይመሳሰላሉ። እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ድካም፣ ነገር መርሳት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል በሁለቱም ይታያሉ። ስለዚህ ወደ ምክር አገልግሎት ወይም ወደ ክኒን ከመሄድ በፊት፣ ሰውየው የከፋው ደሙ በበቂ ሁኔታ ስላልታጠበ ይሁን ወይስ በእርግጥ ድባቴ ይዞት መሆኑን መለየት ይቀድማል። የተለመደው የእጥበት መጠን በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም አራት ሰዓት ያህል ነው፤ ሆኖም በአገራችን በወጪ ምክንያት በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚታጠቡ ብዙ ናቸው። እንዲህ ባለው ሰው ደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቆሻሻ ራሱ ያፈዛል፣ ያስመልሳል፣ ያነጫንጫል። ሦስተኛውን ቀን ለመጨመር የሚያስችል ገንዘብ ከቤተ ዘመድ ተዋጥቶ የሚገኝ ከሆነ፣ ገንዘቡን ከማንኛውም የአእምሮ ሕክምና በፊት እዚያ ላይ ማዋል እንደሚሻል አምናለሁ።

ቀጥሎ የሚታዩት የሄሞግሎቢን መጠንና የታይሮይድ ምርመራ ናቸው፤ ደም ማነስም ሆነ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ በኩላሊት ታካሚዎች ላይ የተለመዱ ከመሆናቸውም በላይ ሁለቱም ሰውን ድባቴ የያዘው ያስመስሉታል። ሌሊት እግርን እየነዘረ አላስተኛ የሚል የመቅበዝበዝ ስሜትና በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቆራረጥም በእጥበት ታካሚዎች ላይ በብዛት የሚታዩ ሲሆኑ፣ ከአልጋ አጠገብ የሚተኛ ሰው ካልተናገረ በቀር ሐኪሙ አያውቃቸውም። መድኃኒቶችም ይታዩ። ለማቅለሽለሽ በቀላሉ የሚታዘዘው ፕላሲል በኩላሊት ድክመት ጊዜ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ መጠኑ መቀነስ ይኖርበታል፤ ካልተቀነሰ መቁነጥነጥንና የስሜት መውረድን ሊያመጣ ይችላል። ፕሬድኒሶሎንና ለኤችአይቪ የሚወሰደው ኤፋቪረንዝም ስሜትን የሚነኩ ናቸው። በዚህ ምክንያት ለሐኪሙ የመድኃኒቶቹን ስም በቃል ከመንገር ይልቅ ያሉትን ክኒኖች በሙሉ በፌስታል ይዞ መሄድ ይበጃል።

ቤተሰብ በዓይኑ የሚለየው አንድ ነገር አለ። ከእጥበት በኋላ የሚመጣው ድካም ሰውየውን ያን ቀን ያስተኛዋል፣ በማግስቱ ግን ይለቀዋል። ድባቴ እጥበት በሌለበትም ቀን አይለቅም። ደግሞም አቅም አጥቶ የወደደውን ያላደረገ ሰው ሌላ ነው፣ መውደዱ ራሱ የጠፋበት ሰው ሌላ ነው። ጋሼ አሞራ ገደል መውረድ ቢያቅተው ዓሣውን ቤት ድረስ አምጡልኝ ባለ ነበር፤ ስናመጣለት ግን አልነካውም። "ሸክም ሆንኩባችሁ"፣ "ለእኔ የሚወጣው ገንዘብ ለልጆቹ ይሁን" የሚሉ ቃላት ሲደጋገሙና ሁኔታው ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲቆይ፣ የደም ምርመራው ውጤት እስኪመጣ ሳይጠበቅ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

በመጠይቅ ወይስ በቃለ ምልልስ?

እዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያሻም። ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት ፒኤችኪው-9 የሚባለው መጠይቅ ወደ አማርኛ ተመልሶ በአገራችን የጤና ተቋማት የተፈተሸ ነው። ውጤቱ ከ0 እስከ 27 የሚደርስ ሲሆን፣ በእጥበት ታካሚዎች ላይ 10 እና ከዚያ በላይ ሲመጣ በጥልቀት መመርመር እንደሚገባ ይታመናል። መጠይቁ የሚጠይቀው ስለ ድካም፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ ፍላጎትም ጭምር ስለሆነ በኩላሊት ታካሚ ላይ ቁጥሩ ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ በመጠይቅ ሲታዩ ከእጥበት (ዳያሊሲስ) ታካሚዎች 39 በመቶ ገደማ፣ ሐኪም በቃለ ምልልስ ሲመረምራቸው ግን 23 በመቶ ገደማ ድባቴ እንዳለባቸው አሳይቷል። ስለዚህ መጠይቁ ለመጠርጠር፣ ቃለ ምልልሱ ለመወሰን ነው። ቦታውንም ማሰብ ይገባል፤ በእጥበት ክፍል ወንበሮቹ በክንድ ርቀት የተደረደሩ ስለሆኑ፣ ጎረቤት እየሰማ "መኖር አስጠልቶህ ያውቃል?" ተብሎ የሚጠየቅ ሰው የሚመልሰው መልስ የታወቀ ነው። ወረቀቱን ለብቻው እንዲሞላ ማድረግ፣ ማንበብ የማይችል ከሆነም ክብደቱ በሚለካበት ጥግ መጠየቅ ይሻላል።

የንግግር ሕክምና ወይስ ክኒን?

ሰዎች አብዝተው የሚጠይቁት ይህን ነው፤ ጥሩነቱ፣ በእጥበት ታካሚዎች ላይ በቀጥታ የተነጻጸረ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ በታተመው የአሜሪካ ጥናት 120 ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ እዚያው እጥበት ወንበር ላይ እንዳሉ በ12 ሳምንታት ውስጥ አንድ አንድ ሰዓት የሚፈጅ 10 የንግግር ሕክምና ተሰጣቸው፤ ሌሎቹ ሰርትራሊን የተባለውን ክኒን ወሰዱ። በ12ኛው ሳምንት በሁለቱም ወገን ድባቴው ቀንሷል። ሰርትራሊን የወሰዱት በመጠኑ የበለጠ ተሽሏቸዋል፤ የጎንዮሽ ጉዳት ግን የበዛው በእነርሱ ላይ ነው። በሌላ በኩል ገና እጥበት ላይ ባልደረሱ 201 የኩላሊት ታካሚዎች ላይ ተደርጎ በ2017 የታተመ ጥናት ሰርትራሊንን ከባዶ ክኒን ጋር ሲያነጻጽር ልዩነት አላገኘም። ከእነዚህ ሁለት ጥናቶች የምረዳው ክኒኑ ተአምር እንደማይሠራ፣ የንግግር ሕክምናውም ትርፍ ወሬ እንዳልሆነ ነው።

የንግግር ሕክምና ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን "አይዞህ፣ በርታ" የሚል ምክር ነው። እዚህ የሚባለው ግን አስተሳሰብንና ድርጊትን ደረጃ በደረጃ የሚያሠራ፣ የቤት ሥራ ያለው ሕክምና ነው። ጋሼን የያዘው ባለሙያ በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ሕመሙ ብዙም አልጠየቀውም። "እጥበት በሌለብህ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የት ነህ?" አለው። አልጋ ላይ። "ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ፍቅር ሐይቅ ዳር ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ለሃያ ደቂቃ ተቀመጥ፤ ደስ ይበልህ አላልኩህም፣ ተቀመጥ ብቻ" ብሎ አሰናበተው። በባጃጅ ወስጄው ተቀመጠ። ደስ አላለውም። በሦስተኛው ሳምንት ግን አንድ ጀልባ ቀዛፊ በመረቡ ላይ ያደረገውን ስህተት እያየ ሲነቅፍ ሰማሁት፤ ከወራት በኋላ ስለ ራሱ ሕመም ያልሆነ ነገር ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። ሁለተኛው ክፍል ሐሳብን የሚመለከት ነው። "ሸክም ነኝ" የሚለውን ጽፎ፣ ከጎኑ ይህን የሚደግፈውንና የሚቃረነውን እውነታ እየመዘገበ ከባለሙያው ጋር ይመረምረዋል። ደብተሩን ከልጁ መልሶ የወሰደው ለዚህ ነው፤ የውኃው መዝገብና የሐሳቡ መዝገብ አሁን በአንድ ደብተር ውስጥ፣ ከሕፃን ሥዕሎች ቀጥሎ ይገኛሉ።

የንግግር ሕክምና ድክመት ባለሙያ ማግኘት ላይ ነው። በየሳምንቱ የሚከታተል፣ ሕክምናውን በትክክል የሠለጠነ ሰው በቀላሉ አይገኝም፤ ቢገኝም ሁለትና ሦስት ቀኑን ማሽን ላይ ለሚያሳልፍ ሰው ሌላ የቀጠሮ ቀን መጨመር በራሱ ሸክም ነው። ስለዚህ ባለሙያ ከመምረጥ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ "በእጥበት ሰዓት እዚያው ሊመጣልን ይችላል ወይ?" የሚለው ነው። ካልሆነ በስልክ ይሁን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ይመረጣሉ፤ ከዚያ በኋላ የደም ግፊት እየወረደ፣ የጡንቻ መኮማተርም እየመጣ ሰውየው ማሰብ ይሳነዋል።

የቡድን ሕክምናም አለ። በብራዚል 85 የእጥበት ታካሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ90 ደቂቃ ለ12 ሳምንታት የተሰጠ የቡድን የንግግር ሕክምና ድባቴን እንደቀነሰ አሳይቷል። እኔ እንደማየው ለእኛ ይበልጥ የሚስማማው ይህ ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ፈረቃ የሚታጠቡ ሰዎች ሳያውቁት እድር ሆነዋል። የማን ፊስቱላ (ለእጥበት የተሠራ የክንድ የደም ሥር) እንደተዘጋ፣ የማን ልጅ እንደተመረቀች፣ የማን ዘመድ ከውጭ ገንዘብ እንደላከ ይተዋወቃሉ። ከባዱም ነገር ከዚሁ ይመጣል። አንድ ሰኞ ጠዋት ከጋሼ ቀጥሎ ያለው ወንበር ባዶ ሆነ፤ ነርሶቹ አንሶላውን ለወጡ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ ታካሚ ተቀመጠበት፣ ስለ ቀደመው ሰው ግን አንድም ቃል አልተነገረም። ታካሚዎቹ ሁሉ ወንበሩን አይተዋል። ብርድ ልብሱን እስከ ግንባሩ መሳብ የጀመረው ከዚያ ሳምንት ወዲህ መሆኑን ያወቅነው እርሱ ራሱ በቡድኑ ውስጥ ሲናገር ነው። ለቀስተኛ በሚቀመጥበት አገር፣ አብረው ለሰባት ወር የታጠቡ ሰዎች ለጓደኛቸው እርም ሳያወጡ መቅረታቸው ልክ አይመስለኝም፤ ለየእጥበት ክፍሉ ኃላፊዎች የማቀርበው አቤቱታ ቢኖር ይኸው አንዱ ነው።

እንግዲህ ምርጫው እንዲህ ነው። ድባቴው ቀላል ወይም መካከለኛ ከሆነና በእጥበት ሰዓት ሊያነጋግር የሚችል ባለሙያ ካለ ከንግግር ሕክምናው መጀመር ይሻላል። ሰውየው የማይበላ፣ የማይተኛ፣ ለመነጋገር እንኳ አቅም ያጣ ከሆነ፣ ወይም ከዚህ ቀደም በክኒን ተሽሎት የሚያውቅ ከሆነ ክኒኑ ይቅደም፤ ሐሳቡን ለመሰብሰብ ሲችል ንግግሩ ይጨመርለታል። ሁለቱም ቢሆኑ ፍርድ የሚሰጥባቸው ቢያንስ 12 ሳምንት ከሞላ በኋላ ነው። በሁለተኛው ሳምንት "አልሠራም" ብሎ ማቋረጥ የሁላችንም ስህተት ነው።

ከክኒኖቹ መካከል

መድኃኒት ቤቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት አሚትሪፕቲሊን፣ ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን ናቸው። አሚትሪፕቲሊን ርካሽ ነው፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ የነርቭ ሕመምንም ያስታግሳል፤ ስለዚህ በቀላሉ ይታዘዛል። ለእጥበት ታካሚ የድባቴ መድኃኒት አድርጎ መምረጡ ግን አይመቸኝም። አፍ ያደርቃል፤ አፉ የደረቀ ሰው ውኃ ይጠጣል፤ ውኃው ደግሞ እስከሚቀጥለው እጥበት ድረስ በሳንባና በእግር ላይ ይጠራቀማል። ከመቀመጫ ሲነሱ የደም ግፊትን ይጥላል፣ ይህም ከእጥበት በኋላ ከሚወርደው ግፊት ጋር ሲደመር ለመውደቅ ይዳርጋል። የፖታሲየም መጠኑ በየሁለት ቀኑ ከፍና ዝቅ ለሚል ሰው የልብ ምት መዛባትንም ሊያስከትል ይችላል፤ ከታዘዘው በላይ ሲወሰድም እጅግ አደገኛ ነው።

ሰርትራሊን በጥናት የተሻለ የተፈተሸው ስለሆነ ከተገኘ የመጀመሪያ ምርጫዬ እርሱ ነው። የሚወገደው በጉበት በኩል በመሆኑ ማሽኑ አያጥበውም፣ ስለዚህ የእጥበት ቀንና ሰዓት ሳይመረጥ ይወሰዳል። ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ በ25 ወይም በ50 ሚሊ ግራም ጀምረው ቀስ በቀስ ከፍ ያደርጉታል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ሊኖር ስለሚችል ከምግብ ጋር መውሰድ ይረዳል።

ፍሉኦክሴቲን በአንድ ነገር ይበልጠዋል፦ ከሰውነት የሚወጣው በጣም ቀስ ብሎ ነው። መድኃኒት በሚጠፋበትና ከፋርማሲ ፋርማሲ በሚዞርበት ከተማ፣ ለጥቂት ቀናት ቢቋረጥ ሰርትራሊን በድንገት ሲቋረጥ የሚያመጣውን ማዞርና መቁነጥነጥ ያህል አያስቸግርም። ይህ በመጽሐፍ ላይ ትንሽ ነጥብ ነው፤ ለእኛ ግን ትልቅ ነው። ጉድለቱ እንደ ሜቶፕሮሎል ያሉ የግፊት መድኃኒቶችን መጠን ደም ውስጥ ከፍ ማድረጉ ስለሆነ የልብ ምትን መከታተል ያስፈልጋል።

ሰርትራሊንም ሆነ ፍሉኦክሴቲን ደም የመርጋት ኃይሉን በመጠኑ ይቀንሳሉ። በእጥበት ጊዜ ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) የሚሰጠው ሰው መርፌው ከወጣ በኋላ ደሙ ከወትሮው ዘግይቶ የሚቆም ከሆነ ለነርሷ ይንገር። የሕመም ማስታገሻዎቹ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከእነዚህ ክኒኖች ጋር አብረው አይወሰዱ። ለሕመም ማስታገሻ የሚታዘዘው ትራማዶል ደግሞ ከእነዚህ ክኒኖች ጋር ሲገናኝ መንቀጥቀጥና ሌላ አደገኛ ሁኔታ ሊያመጣ ስለሚችል፣ ጥርስ ለማስነቀል እንኳ የሄደ ሰው የሚወስደውን ክኒን ስም ሳይናገር አይመለስ። ክኒኑ ቤት ውስጥ በብዛት ባይከማች፣ የሚይዘውም አስታማሚው ቢሆን መልካም ነው።

እንቅስቃሴ፣ ቡናና ጸበል

የአካል እንቅስቃሴ ከክኒንና ከንግግር ጋር የሚጨመር እንጂ የእነርሱ ምትክ አይደለም፤ ሆኖም በእጥበት ታካሚዎች ላይ የድባቴ ምልክቶችን እንደሚቀንስ ጥናቶች ያሳያሉ። በእግር መሄድ ይበቃል። ሐዋሳ ሜዳማ መሆኗ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ፀሐዩ ሳይበረታ ወይም አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፣ ሙቀት ጥምን ይጨምራልና።

ብዙ ሰው ድባቴ ሲይዘው መጀመሪያ የሚሸሸው የቡና ስብሰባን ነው፤ ለእጥበት ታካሚ ደግሞ "ፈሳሽ ተከልክያለሁ" የሚል በቂ ሰበብ አለው። ሽንቱን በቀን ከሚሸናው መጠን ላይ ግማሽ ሊትር ገደማ ብቻ ጨምሮ እንዲጠጣ ለሚፈቀድለት ሰው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ቀልድ አይደለም። የቤታችንን ስኒ በመርፌ ለካሁት፤ ሰባ ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ ሦስቱ 210 ይሆናል። የመፍትሔው አቅጣጫ ከቡናው መቅረት ሳይሆን ከአቦል ላይ ግማሽ ስኒ ብቻ መቅዳትና እስከ በረካ ድረስ አብሮ መቀመጥ ነው። የሚያክመው ቡናው አይደለም፤ ጎረቤት "ተጫወት እንጂ" የሚለው ነው። ለማጽናናት ተብሎ የሚመጣው የአቮካዶ ጭማቂ ግን ይመለስ፤ እንደ ሙዝና ብርቱካን ሁሉ ፖታሲየሙ ብዙ ነው። የሽፈራው ቅጠልም እንዲሁ። ጫትን በተመለከተ፣ ለጊዜው ያነቃቃው ሰው ምርቃናው ሲወርድ ይበልጥ ይከፋዋል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ እንቅልፉ ይሸሻል፤ አብሮት የሚጠጣው ለስላሳም ሌላ ችግር ነው።

እምነት ብዙዎችን ያቆመ ኃይል ነውና ከሕክምናው ጋር እንደ ተፎካካሪ ማነጻጸር ስህተት ይመስለኛል። በጸሎት ቤት፣ በመስጊድም ሆነ በቤተ ክርስቲያን አብሮ መቆም ከብቸኝነት ያወጣል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በመጠኑ ላይ ነው። ጸበል በጆግ መጠጣት ለሌላው በረከት ቢሆንም፣ ኩላሊቱ ለማይሠራ ሰው በአንድ ሌሊት ሳንባውን ውኃ ሊያስሞላው ይችላል። አንዲት የምናውቃቸው እናት ጉዳዩን ለንስሐ አባታቸው አስረድተው፣ "በአንድ ጉንጭ ላይ አይጨመርም፣ ከዚያ በኋላ መጠመቅ ይበቃዎታል" ተብለው ተመልሰዋል። ከዚህ የበለጠ ሕክምናዊ ምክር አልሰማሁም። እጥበቱን ወይም ክኒኑን አቋርጥ የሚል ሰው ግን ማንም ይሁን ማን አይሰማ።

የት እንሂድ?

መጀመሪያ እጥበቱ የሚሰጥበት ክፍል። ሐኪሙና ነርሶቹ ሰውየውን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ያዩታል፤ ሌላ የትም ቦታ እንዲህ አዘውትሮ የሚያየው ባለሙያ የለም። ችግሩ ካልተነገራቸው የሚያዩት ግፊቱንና ክብደቱን ብቻ መሆኑ ነው። አንድ ተቋም ውስጥ "ወንድሜ ከፍቶታል" ስል "እዚህ ያልከፋው ማን አለ?" የሚል መልስ ተሰጥቶኛል፤ ያዘንኩት በመልሱ ሳይሆን ለሁለት ወር ድጋሚ ሳልጠይቅ በመቅረቴ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ሪፈራል እያልን የምንጠራው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ጥቅሙ የአእምሮና የውስጥ ደዌ ሐኪሞች በአንድ ግቢ መገኘታቸው ሲሆን፣ ጉዳቱ ወረፋው ነው። በግል የሚሠሩ ሳይኮሎጂስቶች ፈጥነው ይቀበላሉ፣ ጊዜም ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ክኒን አያዝዙም፣ የእጥበት ታካሚንም ሁሉም አያውቁትም። ስለዚህ ሥራውን የጀመረው ባለሙያ ከኩላሊት ሐኪሙ ጋር በስልክ ለመነጋገር ፈቃደኛ መሆኑን መጠየቅ ተገቢ ነው። ፈቃደኛ ካልሆነ ሌላ ይፈለግ። አዲስ አበባ መሄድ ሐዋሳ ላይ ለሚታጠብ ሰው 270 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝና እጥበት ማዛባት ስለሆነ፣ ሐኪም ካልላከ በቀር የመጀመሪያ አማራጭ መሆን የለበትም። "አማኑኤል ሊወስዱት ነው" የሚለው ሐሜት ያስፈራቸውም ሰዎች ይህን ቢያውቁ መልካም ነው፤ አብዛኛው ድባቴ እዚሁ ይታከማል።

ንቅለ ተከላን "ከተደረገልኝ ሁሉም ያልፋል" ብሎ ድባቴውን እስከዚያ ማቆየት አይገባም። በአገራችን ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተጀምሯል፤ ለጋሹም ብዙውን ጊዜ ዘመድ ነው። ለጋሽ የመፈለጉ ጊዜ ራሱ ቤተሰብን የሚፈትን፣ ታካሚውንም በጥፋተኝነት ስሜት የሚወጋ ስለሆነ፣ ድባቴው አስቀድሞ ቢታከም ያንን ውይይት በቀና ልብ ለመሸከም ይቻላል።

"ይቅርብኝ" ሲል

እጥበት ላይ ያለ ሰው "ነገ አልሄድም፣ ይቅርብኝ" ሲል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊናገር ይችላል። አንደኛው፣ አእምሮው የረጋ፣ ከቤተሰቡና ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ የሕክምናውን ጥቅምና ድካም መዝኖ የደረሰበት ውሳኔ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሊከበር የሚገባው መብት ነው። ሁለተኛው በድባቴው ውስጥ ሆኖ የሚናገረው ነው፤ ይህም ድባቴው ሲታከም የሚለወጥ ነው። ሁለቱን ለመለየት የአእምሮ ሐኪም ሳያየው፣ ድባቴውም በቂ ጊዜ ሳይታከም ውሳኔውን መቀበል አይገባም። ሞትን እንደሚመኝ ወይም ራሱን ሊጎዳ እንደሚያስብ ከተናገረ ደግሞ ምንም የሚነጻጸር አማራጭ የለም። ብቻውን አይተው፣ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። "እንዲህ እያሰብክ ነው ወይ?" ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም፤ ብዙዎች ተጠይቀው እፎይ ይላሉ።

ጋሼን እኔም የጠየቅሁት በባጃጅ ውስጥ፣ ከእጥበት ስንመለስ ነው። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ "አስቤ አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን አላሰብኩም" አለኝ። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ቀረብን። በፒኤችኪው-9 ውጤቱ 17 ነበር፤ ሰርትራሊንና የንግግር ሕክምናው አብረው ተጀመሩለት፣ በተጨማሪም ለሁለት ወር ያህል ሦስተኛ የእጥበት ቀን ተዋጥቶ ተጨመረለት። በ12ኛው ሳምንት 9 ሆነ። ቅዳሜ አሞራ ገደል ወርዷል፤ ዓሣው ጨው በዝቶበታል ብሎ ግማሹን መልሶታል።